ቀኝ አራት፣ ግራ ሁለት

መምህር ይስማው መሞቱን የሰማሁት ጨው ልገዛ ሱቅ ቆሜ ነው። ከይፋግ የመጣ ነጋዴ ጆንያውን ከትከሻው እያወረደ ለባለሱቁ፣ «ያ ጣቱ የደነዘዘው መምህር አረፈ እኮ፤ ሐሙስ ቀበርነው» አለው። ባለሱቁ፣ «የትኛው መምህር?» ሲል ነጋዴው ትንሽ አሰበና፣ «የመስተዋት ክር ሲያጠነጥን የታሰረው ነዋ!» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ወረታ ሰውን የምታስታውሰው በሆነ ባልሆነው ነው። እኔ ግን ጨዉን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ቤቴ እስክገባ አላለቀስኩም። ከገባሁ በኋላ አለቀስኩ፤ ግማሹ ለእሱ ነው፣ ግማሹ ለራሴ።

በሕይወት ሳለ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ግን እዚህ አገር ሲመጣ የነበረበትን ዕድሜ አልፌዋለሁና እሱ እያልኩ ልጻፍ። በዚህ ቅር አይለውም። ቅር ሊለው የሚገባው ሌላ ብዙ ነገር ነበር።

በዚያን ጊዜ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ታይፒስት ነበርኩ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ወንድ ልጅ ሲጠብቁ ዓመቱ ስለረዘመባቸው እኔን ፊደል አስቆጠሩኝ፣ ዳዊት አስደገሙኝ፣ በመቃ ብዕር ቁም ጽሑፍ አስተማሩኝ። ወንዱ ልጅ ሲመጣ እኔ ተምሬ ጨርሼ ነበር። ስለዚህ እጅ ጽሑፌ የአስኳላ ልጅ እጅ ጽሑፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ የብራና መጽሐፍ የሚመስል ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የደረሰው ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

መምህር ይስማው የመጣው ከድርቁ ዓመት በኋላ ባለው መስከረም ነው፤ አንድ ሻንጣና አንድ የእንጨት ሣጥን ይዞ። ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት ተልኮ አምስት ዓመት ቆይቷል። የመጨረሻ ጽሑፉን ሳያቀርብ ግን ወደ አገርህ ተመለስ ተባለና ፊዚክስ እንዲያስተምር እኛ ጋ ተመደበ። ከተማው ‹ስብሰባ ላይ የማይባል ነገር ተናግሮ ነው› ብሎ አወራ። እሱ የሚለው ሌላ ነው። «ስብሰባው ላይ መቼ ተገኘሁና እናገራለሁ? በዚያ ሰዓት የማነበው ነገር ነበረብኝ» ይላል። እውነቱን ነው። ያን ሰው ከንባቡ የሚያስቀረው ነገር አልነበረም።

ንባብ የሚለው የመጽሐፍ ንባብ አይደለም። ቴርሞሜትር ማንበብ፣ መለኪያ ላይ ያለች መርፌ ማንበብ፣ ያነበበውን መጻፍ ነው። ሰው «ዛሬስ ሞቀ» ካለው «ስንት?» ይላል። «ጠዋት በርዶኝ ነበር» ካለው «ከስንት እስከ ስንት ሰዓት?» ይላል። ተማሪዎቹ መምህር ስንት አሉት። ስሙን ሰምቶታል፤ አልተቆጣም። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ‹መምህር ስንት› ተብሎ ተጽፎ ቢያገኝ ከጎኑ ‹አንድ› ብሎ ጽፎ ትምህርቱን ቀጠለ አሉኝ። ስህተት አይሰርዝም፤ ማለቴ አይደልዝም። አንድ ቀጭን መስመር ያሰምርበትና ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋል። «ስህተቱም እንዲነበብ ነው» ይላል። እኔ በታይፕ ሥራዬ ስህተት በነጭ ቀለም የምሸፍን ሰው ነኝና ይህ ነገሩ ያናድደኝ ነበር።

የሣጥኑን ነገር የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የደመወዝ መዝገብ ላስፈርመው የቤተ ሙከራው ዕቃ ቤት ሄጄ ሣጥኑ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። ቀና ሳይል፣ «ትንፋሽሽን ያዢ» አለኝ። ያዝኩ። ውስጡ በከበሮ ላይ የተጠቀለለ፣ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር የሚያበራ ክር ነበር።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«መስተዋት ነው። ቀልጦ የተሳበ መስተዋት። አውሮፕላን ደመና ውስጥ ገብቶ ምንም በማያይበት ሰዓት ወደ የት እንደዞረ በምን ያውቃል?»

«በእግዜር።»

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። «በእግዜርና በዚህ» አለ። «ክሩን ትጠቀልዪዋለሽ። በሁለቱ ጫፍ ብርሃን ታስገቢያለሽ። አንዱ በቀኝ ይዞራል፣ አንዱ በግራ ይዞራል፣ ይገናኛሉ። ጥቅልሉ ዝም ብሎ ከተቀመጠ እኩል ይደርሳሉ። ጥቅልሉ ከዞረ አንዱ ይቀድማል። በምን ያህል እንደተቀዳደሙ ከለካሽ ምን ያህል እንደዞረ አወቅሽ። ጋይሮስኮፕ ይባላል።»

«ታዲያ ይህ ከታወቀ እርስዎ ምን ቀረዎት?»

«ሙቀት» አለ። «ፀሐይ በአንድ ጎኑ ስትመታው ሳይዞር ዞርኩ ይላል።»

«ውሸታም ነዋ!»

«አይደለም። የሚሰማውን ነው የሚናገረው። ደግሞ የሚያሳስተው ሙቀቱ ራሱ አይደለም፤ ለውጡ ነው። ቀኑን ሙሉ እኩል ቢሞቅ ልክ ይናገራል። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲያልፍ፣ አንዱ ወገን ሞቆ ሌላው ሳይሞቅ ሲቀር ነው የሚቀባጥረው። በስንት ዲግሪ ለውጥ ስንት እንደሚቀባጥር ካወቅኩ ግን ከሚለው ላይ ቀንሼ እውነቱን አገኛለሁ።»

ለዚህ ደግሞ ወረታ ተመቸችው። ሌሎቹ መምህራን እዚህ መመደባቸውን እንደ ቅጣት ያዩታል። እሱ ግን የፎገራን ሜዳ ወደደው፤ ጠዋት ከርብ ወንዝ የሚነሳው ጉም አጥንት ይሰብራል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ከብቱ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይራኮታል። ያስተማረው ሩሲያዊ ፕሮፌሰር፣ ‹አንድ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ንባብ ልከህ ካሳየኸኝ ጽሑፍህን እንድታቀርብ አስጠራሃለሁ› ብሎ ጽፎለት ነበር። ከዚያች ደብዳቤ በኋላ ያ ሰው ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። አንድ ዓመት፤ በቀን ሦስት ጊዜ፤ አንድም ሳያጎድል።

ከሣጥኑ ጋር የመጣው ከበሮ የአሉሚኒየም ስለነበረና በሙቀት ስለሚያብጥ አልወደደውም። ገበያ ሄዶ አንዲት ሸክላ ሠሪ መሃሉ ባዶ፣ ታችም ክዳንም የሌለው ገንቦ እንድትሠራለት አዘዘ። «ጌታዬ፣ ምን ሊያፈሉበት ነው?» አለችው። «ምንም እንዳይፈላ ነው የምፈልገው» አላት። ሴትዮዋ ያን ጨዋታ ለገበያው ሁሉ አወራችው። ቀይ ብርሃን የሚያወጣው መሣሪያ በእርዳታ መጥቶ ሳጥኑ ሳይከፈት የቆየ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ነው። መርፌዋ ከመሃል ተነስታ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የምትሄድ መለኪያ ከመደርደሪያ ተገኘች። ባትሪው የጭነት መኪና ባትሪ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስሞላዋል።

ክሩን የጠቀለልነው ሁለታችን ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለብዙ ሳምንት። እኔ ጥጥ ፈትዬ ያደግኩ ነኝና እጄ ክር ያውቃል፤ ለዚህ ነው የለመነኝ። እሱ ግን እንደ ሰው ከጫፍ አይጀምርም። የክሩን መሃል ፈልጎ፣ መሃሉን ገንቦው ላይ አሳርፎ፣ ግማሹን ለእኔ ሰጥቶ ግማሹን እሱ ይይዛል፤ አንድ ረድፍ እሱ ይጠቀልላል፣ ከዚያ እኔ።

«ከጫፉ ብንጀምር ምን አለበት? ጊዜ መፍጀት ነው» አልኩት።

«ከጫፍ ከጀመርን አንዱ ወገን ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ውጭ ይሆናል። ሙቀት ሲመጣ የውጩ ቀድሞ ይሰማዋል። ከመሃል ከጀመርን ግን ከመሃሉ እኩል የራቁት ጎን ለጎን ይተኛሉ። የሚመጣውን እኩል ይቀበላሉ።»

ሁለት ጊዜ በእጄ ተበጠሰ። ሁለቱንም ጊዜ ልቤ ወደቀ። እሱ ግን «ስንተኛው ዙር ላይ ነበርሽ?» ብሎ ጠይቆ ጻፈና ከቀረው ረጅሙን መርጠን፣ መሃሉን ፈልገን፣ እንደ አዲስ ጀመርን። አባቴ ዜማ ሲያስተምሩ ተማሪ ከተሳሳተ በአርጩሜ ነው። ያ ሰው ግን ስህተቴን ጻፈው እንጂ ፊቱን እንኳ አላጠቆረብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት። እንደ ወንድም ነው፤ ሌላ ነገር የሚያስብ ካለ ከተማውም አስቦት ነበርና አይደነቀኝም።

የማለዳውንና የማታውን ንባብ እሱ ይወስዳል። የሰባት ሰዓቱን ግን ክፍል ስለሚያስተምር እኔ ወሰድኩለት። እሱ በደብተሩ ላይ መርፌዋ ወደ ቀኝ ስትሄድ የመደመር ምልክት፣ ወደ ግራ ስትሄድ የመቀነስ ምልክት አድርጎ ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል። እኔ ይህ አልጣመኝም። ምልክት ቀለም ቢያልቅበት ይጠፋል፤ አባቴ ያስተማሩኝ ነገር በቃል ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ነው። ስለዚህ በእኔ ገጽ ላይ በቁም ጽሑፍ፣ ‹ሚካኤል፣ ሰባት ሰዓት፣ ቀኝ አራት›፤ ‹ጊዮርጊስ፣ ሰባት ሰዓት፣ ግራ ሁለት› እያልኩ ጻፍኩ። ቀኑን በታቦቱ ስም ነው የምናውቀው፤ በቁጥር መጻፍ ለእኔ ቢሮ ቢሮ ይለኛል።

አይቶ፣ «ለምን በቃል ጻፍሽው?» አለኝ።

«እንዳይጠፋ ነው።»

ጥቂት አሰበና፣ «እሺ፤ በአንቺ ገጽ እንዳንቺ ይሁን» አለ። ያን ቀን ‹የለም፣ እንደ እኔ ጻፊ› ብሎኝ ቢሆን! የመደመርና የመቀነስ ምልክት ማንንም አያስጠረጥርም ነበር።

ስለ እሱ ደግ ደጉን ብቻ እየጻፍኩ እንዳይመስል። ቀብር አይመጣም ነበር። ለእኛ አገር ይህ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የዳይሬክተሩ እናት ሲሞቱ ከተማው ሁሉ ወጣ፤ እሱ ከቀብር ስንመለስ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መንገድ ላይ አገኘን። የእድሩ ዳኛ አዛውንት ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ሲደርስብህ ማን ሊቀብርህ ነው?» አሉት። «ሰዓቱ ደርሶብኝ ነው አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ይቅር አላሉትም። እኔም በዚያ ቀን አፈርኩበት፤ ከእሱ ጋር እንዳልታይ ወደ ሴቶቹ ተጠጋሁ።

ንባቡ አሥር ወር እንደሞላው በደብረ ታቦር መንገድ ላይ የወታደር መኪኖች በሸማቂዎች ደፈጣ ተመቱ። ወረታን የሚያውቅ መንገዱን ያውቃል። ከባሕር ዳር የሚመጣ መኪና እኛ ጋ ሲደርስ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ጎንደር ነው፣ ወይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ነው። የዕቃ ቤቱ መስኮት ደግሞ መታጠፊያውን ፊት ለፊት ያየዋል። በማግስቱ በመታጠፊያው ዙሪያ ያለ ቤት ሁሉ ሲፈተሽ ዕቃ ቤቱም ተከፈተ። ባትሪ፣ ሽቦ፣ ቀይ መብራት፣ ክር የተጠቀለለበት ገንቦ፣ ከሁሉም በላይ ደብተሩ ተገኘ። ‹ሰባት ሰዓት፣ ቀኝ አራት።› አራት መኪና ወደ ቀኝ ታጠፈ ማለት ነዋ! እኔ እንኳ በእነሱ ዓይን ሳየው ሌላ ሊመስለኝ አልቻለም።

እሱን ከክፍል አውጥተው ሜዳው ላይ አቆሙት። «ሚካኤል ማነው? ጊዮርጊስስ ማነው?» አሉት። ከወታደሮቹ አንድም የወሩን አሥራ ሁለትና ሃያ ሦስት የማያውቅ አልነበረም፤ እናቶቻቸው በእነዚያው ቀኖች ነው የሚሳሉላቸው። ግን የምርመራው መዝገብ ስም ፈልጎ ነበር። ክሩ ውስጥ መልእክት አለ ብለውም ከገንቦው ላይ ፈቱት። አንዱ ወታደር ጫፉን ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የዚያን ሁሉ ቅዳሜ ሥራ እያየሁት ሣር ላይ ተዘርግቶ፣ በጫማ እየተረገጠ ተሰባበረ። እሱ ሲፈቱት እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ዙሩን ነው የሚቆጥረው።

«እዚህ ደብተር ላይ ሁለት እጅ ጽሑፍ አለ» አለ መቶ አለቃው፣ ምርመራውን የሚመራው መኮንን። «ሁለተኛው ሰው ማነው?»

መምህር ይስማው ዓይኑን ከክሩ ላይ አላነሣም። በመኪና ጭነው ወሰዱት። እኛን ሠራተኞቹን አሰለፉንና እያንዳንዳችን በወረቀት ላይ ‹ቀኝ አራት፣ ግራ ሁለት› ብለን እንድንጽፍ አዘዙን። ተራዬ ሲደርስ እንደ ታናሽ ወንድሜ ጋደል አድርጌ፣ ፊደሉን እያያያዝኩ ሞነጫጨርኩት። ከዚያ አንድ በአንድ ቢሮ አስገብተው አነጋገሩን። እኔም ገባሁ። እዚያ የሆነውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በስድስተኛው ቀን መቶ አለቃው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። የእነሱ ታይፕ ተበላሽቶ ስለነበር ከዚያ ቀደምም ሥራቸውን እሠራላቸው ነበር። «በሦስት ቅጂ» አለኝ። የመምህር ይስማው ቃል ነው። እየተየብኩ አነበብኩት። ‹በደብተሩ ላይ ያለው ሁለት ዓይነት እጅ ጽሑፍ ሁለቱም የእኔ ነው። አንዱን በአስኳላ ተማርኩት፣ ሌላውን በልጅነቴ ድቁና ስማር ተማርኩት። በፊታቸው ጽፌ አሳይቻለሁ። ሌላ ሰው የለበትም።› አራት ቦታ ተሳሳትኩ። በነጭ ቀለም ሸፈንኩት።

ወደ ጎንደር ወሰዱት፤ አራት ዓመት ታሰረ። ከእድሩም ከትምህርት ቤቱም ማንም ስለ እሱ አፉን አልከፈተም። እኔ ግን በየዓመቱ ጣራ ገዳም ወጥቼ ጧፍ አበራሁ፤ ስሙን በጸሎት እንዲያነሱልኝ ለመነኮሳቱ ሰጠሁ። ስሜን ደብቆ አተረፈኝ አልኩ። እንደ ታቦት በራሴ ላይ ተሸክሜው ኖርኩ ብል ማጋነን አይደለም።

በበዓል ምሕረት ሲለቀቅ ወደ ወረታ መጣ። ሌላ የት እንደሚሄድ አላወቀም። ማስተማር ስላልተፈቀደለት ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ ትንሽ ክፍል ተከራየ። እግሩን ይጎትታል። የጣቶቹ ጫፍ ደግሞ ሙቀትና ብርድ አይለይም፤ የፈላ ሻይ በብርጭቆ ቀጥ አድርጎ ይይዝና ከንፈሩ ሲቃጠል ነው የሚያውቀው። ያ ሰው! ጠዋት በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በስንት እንደተለወጠ በጉንጩ የሚናገር ሰው።

«ደብተሩስ?» ነው መጀመሪያ ያለኝ።

«ወስደውታል።»

«ሁለት ወር ነበር የቀረው» አለ።

በየቀኑ ምሳ ወሰድኩለት። ሦስት ወር ሙሉ። ብዙ አያወራም፤ በልቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ሳህኑን ራሱ ማጠብ ይፈልጋል። አንድ ቀን ልቤ ሞላና እግሩ ላይ ወደቅኩ። «መምህር፣ ሕይወቴን አተረፉልኝ። ቃልዎን እኮ የተየብኩት እኔ ነኝ። አንብቤዋለሁ» አልኩት።

«ተነሺ» አለኝ። ተነሣሁ። «ተቀመጪ። አንቺ ያነበብሽው የአምስተኛውን ቀን ነው። የሦስተኛውን ቀን አላነበብሽም።»

«በሦስተኛው ቀን ምን ሆነ?»

«ስምሽን ጠራሁ።»

አልገባኝም። ወይም እንዳይገባኝ ፈለግኩ።

«አትጠገብ ናት አልኳቸው» አለ። «አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግሜ ነው። የመሪጌታው ልጅ፣ ታይፒስቷ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ‹ምስጢራችንን የምትተይበውን ልጅ? ሴት ልጅ ይህን ታውቃለች?› አሉ። ልታታልለን ነው ብለው ባሱብኝ። ሁለት ቀን ቆየሁ። ከዚያ ሁለቱም የእኔ ነው ስል ወረቀት ሰጡኝ፣ የድቁናዬን ጽሑፍ ጻፍኩላቸው፣ አመኑኝ። እኔ አላተረፍኩሽም። ንቀታቸው ነው ያተረፈሽ።»

«ለምን ነገሩኝ?» አልኩት። «ሳላውቀው ብቀር ምን ይጎድልብዎት ነበር?»

«ምሳ እያመጣሽልኝ ነዋ» አለ። «ላልሠራሁት ነገር እየበላሁ።»

ሳህኑን አነሣሁ። ገና አልጨረሰም ነበር፤ ከነእንጀራው አነሣሁት። በማግስቱ አልሄድኩም። በሳምንቱም አልሄድኩም። አራት ዓመት ያበራሁት ጧፍ ሁሉ ቆጨኝ። መንገድ ላይ እግሩን እየጎተተ ሲመጣ ሳየው ወደ ሌላ መንገድ ታጠፍኩ፤ አየኝ፣ አልጠራኝም። ክረምቱ ሲገባ ይፋግ ያለች ታላቅ እኅቱ መጥታ ወሰደችው አሉ። እሰይ አልኩ። ይህን ቃል እንዳልኩት መጻፍ ያስፈራኛል፤ ግን ብያለሁ።

እንግዲህ ሞቱን በሰማሁ በማግስቱ ይፋግ ሄድኩ። እኅቱ ደጃፍ ላይ ለቅሶ ደራሽ እየሸኘች ነበር። አጠር ያለች፣ ፊቷ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ጥቂት አየችኝ።

«ምሳ ታመጣለት የነበረችው?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«‹መኪና ሲመጣ መስኮት ላይ ይቆማል› ያልሽውም አንቺ ነሽ?»

ለለቅሶ ያመጣሁትን ንፍሮ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ቢሮ ሲያስገቡኝ መቶ አለቃው፣ «ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለኝ። «በዓይን ነው የማውቀው» አልኩ። «ምን ሲሠራ ታይዋለሽ?» አለኝ። እኔም፣ «መስኮት ላይ እየቆመ ወደ መንገዱ ያያል፤ መኪና ሲመጣም ሲቆም አይቻለሁ» አልኩ። ውሸት አይደለም። የውጩ ቴርሞሜትር የተሰቀለው መስኮቱ ላይ ነው፤ በየንባቡ እዚያ ይቆማል፣ መኪና ቢመጣም ባይመጣም። እኔም በሰባት ሰዓት እዚያው እቆም ነበር። ስለ ቴርሞሜትሩ ግን አልተናገርኩም።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«የሰጠሽውን ቃል የመጀመሪያውን ቀን ማታ አንብበውለታል» አለች። «እኔ በንዴት ሂጄ ልንገራት ስለው ከለከለኝ። ‹እኔም ልነግራት ብዬ ነበር። የራሴን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ የእሷን ብጨምርበት አትችለውም› አለኝ። ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው ይል ነበር።» ከዚያ ሌላ ለቅሶ ደራሽ መጣና ልትቀበል ሄደች።

ያን ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ስሜን ሳይጠራ እስከ ሦስተኛው ቀን ሲቆይም ያውቅ ነበር፤ ሦስት ወር ምሳዬን ሲበላም፣ ‹ላልሠራሁት ነገር እየበላሁ› ሲለኝም ያውቅ ነበር። የራሱን ነገረኝ፣ የእኔን አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከነሳህኑ ተነሥቼ ሄድኩበት። እሱ ስሜን የጠራው ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ከተሠቃየ በኋላ ነው። እኔን ማንም አልነካኝም። ወንበር ስበውልኝ፣ «ተቀመጪ እህቴ» ብለውኝ ነበር።